ሰንጋችሁን ከፌር በፊት ባልዲ አስለምዱት

አሜሪካ ገጠር አካባቢ የምትኖሩና ልጆቻችሁ በፎር ኤች (ከብት ማሳደግና የመሳሰለውን በሚያስተምረው የወጣቶች ፕሮግራም) ለፌር፣ ማለትም ከብት ዳኛ ፊት ቀርቦ ለሚወዳደርበት የአካባቢ ዓውደ ርዕይ፣ ሰንጋ የሚያሳድጉ ካላችሁ ይቺን ያዙልኝ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መኖና ስለ ፀጉር ማበጠር ነው። ውሃን የሚያነሳ የለም።

ባለፈው ዓመት ልጄ ሰንጋዋን በየቀኑ በቀዝቃዛ ውሃ ስታጥብ፣ በንፋስ ስታደርቅ፣ በገመድ እየጎተተች ስታለማምድ ከርማ የካውንቲው ፌር ላይ ስንደርስ፣ በሬ ሆዬ ውሃ አልጠጣም አለ። አፍንጫውን ባልዲው ውስጥ ነከር ያደርግና እፍ ብሎ ዘወር ይላል። ቤት የለመደው የጉድጓድ ውሃ ነው፣ የዚያው ግን ክሎሪን ክሎሪን የሚል የቧንቧ ውሃ። ደግሞ ከገንዳ እንጂ ከባልዲ ጠጥቶ አያውቅም። ውሃ ያልጠጣ ከብት ምግብም ይቀንሳል፣ ዳኛው ፊት የሚቀርበው ጎኑ ገብቶ ነው።

ዘንድሮ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በባልዲ ማጠጣት ጀመርን፣ ውሃው ላይም ሞላሰስ (ከስኳር ምርት የሚተርፈውን ጣፋጭ ዝልግልግ ፈሳሽ) ጠብ እናደርጋለን። ጣዕሙን ከለመደ ፌሩ ላይም ያንኑ ስትጨምሩበት የክሎሪኑ ነገር ብዙም አያስጨንቀውም። ለመጀመሪያው ቀን ግን ከቤት ውሃ ጫኑ። በጁላይ ሙቀት አንድ የደረሰ ሰንጋ በቀን እስከ 20 ጋሎን ሊጠጣ ይችላልና በሁለት ሃይላንድ እንዳትሸወዱ። ባልዲውም የቤቱ ይሁን።

ሞላሰሱን ደግሞ አታብዙ፣ ያስቀምጠዋል። ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ከኋላው ለምትቆም ልጅ ጥሩ አይደለም።