ሶፍትዌሩ መልኩን ቀይሮ ሲመጣ ስቱዲዮ ውስጥ እንዴት እንከራከር?

ሙዚቃ የምንቀዳበትና የምናቀናብርበት ሶፍትዌር አዲስ ቨርዥን ወጣ ሲባል ስቱዲዮ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «በቃ አበላሹት!» ይላል። ሌላው «እንዴ፣ አሪፍ እኮ ነው» ይላል። ሁለቱም ገና ምንም አልሠሩበትም። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ለሦስት ለአራት ሰው በሚያገለግልበት ስቱዲዮ ደግሞ ነገሩ ከወሬ ያልፋል፤ አንዱ ጠዋት አፕዴት አድርጎት ከሄደ ከሰዓት በኋላ የሚገባው ሰው ነው ሚክሰሩን (የየድምፁን መጠን የሚያመጣጥንበትን ገጽ) ሲፈልግ የሚውለው። ክርክሩ አይቀርም። እንግዲያው ውሳኔ ላይ በሚያደርስ መንገድ እንከራከር።

ከምንም በፊት አሮጌውን አታጥፉት። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያዩ መከራከር ባዶ ጩኸት ነው። ኤፍኤል ስቱዲዮ የሚባለውን ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ዕድለኞች ናችሁ፤ 12፣ 20 እና 21 በየራሳቸው ፎልደር ስለሚቀመጡ አንዱ ሌላውን አይነካም። (ከ12 ዘሎ 20 መባሉ ግራ ያጋባቸው ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 ፍሩቲ ሉፕስ ተብሎ የጀመረ ስለሆነ በ2018 20ኛ ዓመቱን ለማክበር የሰጡት ቁጥር ነው እንጂ መሃል ላይ የጠፋ ቨርዥን የለም።) በአንድ ቁጥር ስር የሚወጡት ትንንሽ አፕዴቶች ግን አሮጌው ላይ ሊጫኑበት ይችላሉ። ስለዚህ የሚያሳያችሁን ፎልደር ሳታነቡ «ኔክስት፣ ኔክስት» እያላችሁ አትሂዱ።

ፋይሉንም አስቡት። በአሮጌው የተሠራ ፕሮጀክት በአዲሱ ይከፈታል። በአዲሱ ሴቭ ያደረጋችሁት ግን ወደ አሮጌው ሲመለስ ወይ አይከፈትም ወይ ጎድሎ ይከፈታል። አዲሱን ለመሞከር የደንበኛ ሥራ ከከፈታችሁ መጀመሪያ ኮፒ አድርጉት፣ በሌላ ስም አስቀምጡት፣ ከዚያ እንደፈለጋችሁ ሁኑ። እዚህ መብራት መቼ እንደሚሄድ ስለማይታወቅ ሁላችንም እጃችን በየደቂቃው ኮንትሮል ኤስ (ሴቭ ማድረጊያው) ላይ ነው። ያ ልማድ ነው እዚህ ጋ ጉድ የሚሠራው።

ጊዜውንም ምረጡ። ከጥምቀት በኋላ ሠርጉ ከደብረ ሲና፣ ከመንዝ፣ ከአታዬ በሚጎርፍበት ሰሞን፣ ዘፋኙ ተቀምጦ እየጠበቀ፣ አዲስ ቨርዥን መሞከር እብደት ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሠርጉም ዘፈኑም ቀዝቀዝ ይላል። ያኔ ተረጋግቶ መሞከር ይቻላል። መዝሙር የምትሠሩ ደግሞ የራሳችሁን ወቅት ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ያምራል፣ አያምርም» የሚለውን ለጊዜው ተዉትና አንድ የታወቀ ሥራ ስጡት። ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የምትሠሩት መሆን አለበት። ለምሳሌ የከበሮ ሉፕ ማስገባት፣ በላዩ ማሲንቆ መቅዳት፣ ቮካሉ ላይ የትንፋሹን ድምፅ ቆርጦ ማውጣት፣ ቮካሉን ወደ ሪቨርብ (የማስተጋቢያ ኢፌክት) መላክ፣ በመጨረሻ ዌቭ (የድምፅ ፋይል) አድርጎ ማውጣት። ይህንን አንድ ሰው በአሮጌው ይሥራው፣ ከዚያ በአዲሱ። ሌላው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ይይ። የሚያየው ሰው ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ ዝም ማለት። «እዚያ ጋ ነው፣ ወደ ቀኝ፣ አይ ከፍ በል» ካለ ሙከራው አበቃ።

ዝም ብላችሁ ስታዩ የምትጽፉት አፉ የሚለውን ሳይሆን ማውሱ የሚያደርገውን ነው። ቀስቱ የት ሄዶ ተንቀዋለለ? የትኛውን ሜኑ ከፍቶ መልሶ ዘጋው? አንድ ልጅ ቮካሉን ወደ ሪቨርብ ሊልክ ቀስቱን መጀመሪያ ድሮ ሴንዱ (መላኪያው) ወደነበረበት ወደ ታች ወሰደው፣ ቆመ፣ ወደ ላይ አወጣው፣ በቀኝ ጠቅ አደረገ፣ ዘጋው፣ ከዚያ በአጋጣሚ አገኘው እንበል። ይህንን በወረቀት ጻፉት። በሁለተኛው ዙር በቀጥታ ከሄደበት ችግሩ የልማድ ነበር። በአራተኛውም በአምስተኛውም ዙር እዚያው ጋ ከተንቀዋለለ ግን ልጁን ተዉት፣ ጥፋቱ የቦታው ነው። ይህ አንድ ወረቀት ከአንድ ሳምንት ጭቅጭቅ ይሻላል።

ከዚያ ቅሬታዎቹን ለዩ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉምና። የልማድ የሆነው ይለቃል። ቤት የቀየረ ሰው ለጥቂት ቀን በጨለማ ማብሪያውን ይዳብሳል፣ ከዚያ እጁ ያውቀዋል። የልማዱን ሕመም የሚያቀለው ደግሞ ኪቦርድ ነው። ኤፍኤል ላይ ኤፍ 5 ፕሌይሊስቱን፣ ኤፍ 6 ቻነል ራኩን፣ ኤፍ 7 ፒያኖ ሮሉን፣ ኤፍ 9 ሚክሰሩን፣ ማለትም ዋና ዋናዎቹን የሥራ ገጾች፣ ይከፍታሉ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው በተን (የሚጫኑት ምልክት) በየቨርዥኑ ቦታውንና መልኩን ቢቀይርም እነዚህ ቆይተዋል። በማውስ ብቻ የሚሠራ ሰው ነው በየአፕዴቱ አዲስ አገር የገባ የሚመስለው።

የዓይን የሆነው ግን ቀልድ አይደለም፣ «ትለምደዋለህ» ተብሎም አይታለፍም። አብዛኞቻችን የምንሠራው ስክሪኑ 1366 በ768 በሆነ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ንድፉን የሠሩት ሰዎች ደግሞ ሰፊ ሞኒተር ፊት ለፊታቸው ያለ ይመስላል። ግራጫ ላይ በግራጫ የተጻፈ ትንሽ ፊደል እነሱ ጋ ሊያምር ይችላል። እዚህ በመስኮት ፀሐይ እየገባ ማን ያነበዋል? ሆኖም ከመፍረዳችሁ በፊት ሴቲንጉን ፈትሹ። ኤፍኤል ከ12 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ፣ መልኩ ሲያድግና ሲያንስ አይደበዝዝም፤ በኦፕሽንስ ስር ጄኔራል ሴቲንግስ ላይ የመጠን ማስተካከያ አለው። በ2022 መጨረሻ የወጣው 21 ደግሞ ቀለሙን ለመቀየር ቲም አመጣ። ሪፐር በሚባለው ሌላ ሶፍትዌር ላይ ቲም መቀየር ከድሮም የተለመደ ነው። ቀለሙን መቀየር እየቻላችሁ በቀለም አትጣሉ።

ሦስተኛው የሥራ ነው፣ እውነተኛው ክርክርም እዚህ ነው። ድሮ በአንድ ጠቅታ ይሆን የነበረው አሁን ሦስት ከጠየቀ፣ ወይም በተቃራኒው ከሆነ፣ ቁጠሩት። ሌላው የሙዚቃ ሶፍትዌር ኤብልተን ላይቭ 12 በማርች 2024 ሲወጣ ሚክሰሩን አሬንጅመንት (ዘፈኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚደረደርበት) ገጹ ላይ ማየት ተቻለ። ድሮ ሙሉውን ሚክሰር ለማየት ታብ እየተጫኑ ሴሽን ወደሚባለው ሌላ ገጽ መመላለስ ነበር። መልኩን የጠላ ሰው እንኳ ይህን ማቃለል አይችልም። ኪዩቤዝ 13 የሚባለው ሶፍትዌር በ2023 መጨረሻ የሚክሰሩንና የቻነሎቹን መልክ ቀይሮ ሲመጣ ደግሞ የቆዩ ተጠቃሚዎች ክፉኛ አጉረመረሙ፤ ዓመታት ሙሉ ዓይናቸው የለመደውን ሚክሰር ነበር የነኩባቸው። እኔን ብትጠይቁኝ ሚክሰርን የሚነካ ለውጥ ከሁሉም በላይ መፈተሽ አለበት፣ ቀናችን የሚያልቀው እሱ ላይ ነውና።

አንድ ነገር አታቀላቅሉ፦ አዲስ መልክና አዲስ ችሎታ። አብረው በአንድ ጥቅል ስለሚመጡ አንዱን የጠላ ሌላውንም ይጥላል። ኤፍኤል 20 በመሃል የሚቀያየር ታይም ሲግኔቸር (የምት አቆጣጠር) ይዞ መጣ። ችክችካ በ6/8 የሚሠራ ሰው በተኑ ምንም ይምሰል ይህን ይፈልገዋል። ላይቭ 12ም የራሳችሁን የድምፅ ቅኝት የምታስገቡበት አለው። ማሲንቆና ክራር ከፒያኖው ጋር ልክ አልገጥም እያሉ ላስቸገሯችሁ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስትከራከሩ «መልኩን አልወደድኩትም፣ ችሎታውን ግን እፈልገዋለሁ» ማለት ይቻላል።

ከትልቅ ሰው ጋር ከሆነ ክርክሩ፣ አነጋገሩ ይለያል። በካሴት ዘመን ጀምሮ እዚህ የደረሰ አቀናባሪን «ጋሼ፣ እርስዎ ስላልለመዱት ነው» ካላችሁት አለቀ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ሶፍትዌር አይደለም የምታወሩት። ይልቅ «ጋሼ፣ እስኪ ይችን ቮካል እርስዎ እንደሚሠሩት ይሥሩልኝና ልይ» በሉት። ሲሠራ ወይ ራሱ «ኧረ ይሄ እንኳ ቀሏል» ይላል፣ ወይ ደግሞ እናንተ ያላያችሁትን ጉድለት ያሳያችኋል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይሆናል። ለወጣቶቹም ያው ነው፤ «የድሮው ይሻላል» ካላችሁ የትኛው ሥራ ላይ እንደሆነ ንገሯቸው፣ አለበለዚያ የናፍቆት ነው የሚመስላቸው።

ውሳኔው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። የተጀመረው በአሮጌው ይጨረስ፣ አዲስ ሥራ በአዲሱ ይጀመር። በየፎልደሩ ስም ላይ የቨርዥኑን ቁጥር ጻፉ፤ «ሠርግ ሚክስ 21» ዓይነት። አንድ ቴምፕሌት (ዝግጁ መነሻ ፕሮጀክት) ሥሩና ሁሉም ከእሱ ይጀምር፣ ከበሮው የትኛው ቻነል ላይ እንደሆነ በየቀኑ ከመጠያየቅ ያድናል። ኮምፒውተሩን የሚካፈለው ሰው ሁሉ ሳይስማማ ማንም አፕዴት አያድርግ። ከየትም የተገኘ ክራክ (ሳይከፈልበት የተሰበረ ሶፍትዌር) ለምትጭኑ ደግሞ ይህ ሁሉ ክርክር ትርፍ ነው፤ መጀመሪያ ቫይረሱን ተከራከሩት።

እውነተኛ ጉድለት ካገኛችሁ ለአምራቹ ጻፉ። «አዲሱ ያስጠላል» የሚለውን ማንም አያነበውም። የቨርዥኑን ሙሉ ቁጥር፣ የስክሪናችሁን መጠን፣ ምን ልትሠሩ እንደነበር፣ የት እንደቆማችሁና ድሮ ስንት ጠቅታ ይወስድ እንደነበር ጻፉ። በአንድ መልእክት አንድ ጉዳይ ብቻ። እንግሊዝኛው ቀላል ቢሆን ችግር የለም፣ ስክሪንሾት ካለ ግማሹን ሥራ እሱ ይሠራል። ስክሪንሾቱ ላይ ግን የደንበኛው ስምና ያልወጣው ዘፈን ርዕስ እንዳይታይ ቆርጣችሁ ላኩት።