የአሮጌ መኪና እግር ሲንኳኳ፦ አሞርዛተር ከመግዛታችሁ በፊት

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያለንን መኪና ተንከባክበን መያዝ ግድ ሆኖብናል። የእኔዋ በፈረንጆች 1998 የተሠራች ኮሮላ ናት። እግሯን፣ ማለትም ጎማውን ከአካሉ ጋር የሚያያዘውን ክፍል፣ ቀስ በቀስ፣ ደመወዝ በደረሰ ቁጥር አንድ አንድ ነገር እየገዛሁ አድሼዋለሁ። አሁን የማውቀውን ያኔ ባውቅ ኖሮ ግማሹን ገንዘብ አላወጣም ነበር። ቪትዝ ያላችሁም የፊት እግራችሁ አሠራር ተመሳሳይ ነው። የኋላው ግን ይለያል።

ከመጀመራችሁ በፊት የጎማችሁን ነፋስ በሹፌሩ በር በኩል በተለጠፈው ልክ ሙሉ። ነፋስ የበዛበት ጎማ ጤነኛውን እግር የተበላሸ ያስመስለዋል። መኪና ሥር ስትገቡ ደግሞ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ካቫሌቶ (መኪናውን ደግፎ የሚይዝ የብረት መቆሚያ) አቁሙ፣ የወለቀውን ጎማም ከሻንሲው ሥር አስተኙ። ድንጋይ አይሆንም፤ ድንጋይ ይሰነጠቃል።

ኮብልስቶን ላይ በቀስታ ሲኬድ "ኳ ኳ ኳ" ይላል

አብዛኛው ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ጋ ነው። እኔም አንድ ጋራዥ ወስጄ "የፊቱ አሞርዛተር አልቋል፣ ሁለቱንም ቀይር" ተባልኩ፤ አሞርዛተር መኪናው ጉብታ ላይ ሲዘል የሚያረጋጋው ዕቃ ነው። ቀየርኩ። ከጋራዡ ወጥቼ ሰፈሬ ኮብልስቶን ላይ ስገባ ያው ድምፅ ተቀበለኝ። አንጀቴ ነው ያረረው።

ጥፋቱ የስታቢላይዘር፣ ማለትም መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያዘነብል የሚይዘው ዘንግ፣ ሊንክ ነበር። ከጎማው ጀርባ የምትገኝ፣ ሁለት ጫፏ ላይ ትንንሽ ኳስ ያላት አጭር ዘንግ ናት። ኳሷ ስትላላ በትንንሽ ጉብታ ላይ ትንኳኳለች፤ በትልቁ ጉድጓድ ላይ ግን ዝም ልትል ትችላለች። ምልክቱ ይኸው ነው፦ ትንሽ ጉብታ፣ ዝቅተኛ ፍጥነት፣ ፈጣን ኳኳታ።

ለማረጋገጥ መኪናውን በጎማው እንደቆመ ተዉት፣ ሞተሩን አጥፉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ። መሪውን ወደ አንድ ጎን ጠምዝዙና እጃችሁን ከጎማው ጀርባ አስገብታችሁ የሊንኳን ጫፍ በሁለት ጣት ያዙ። ጓደኛችሁ መኪናውን ከጎን እየገፋ ያወዛውዘው። የላላች ከሆነች ጣታችሁ ላይ ጠቅ ጠቅ ስትል ትሰማችኋለች፤ ጆሮ ከሚሰማው በፊት ጣት ያውቀዋል። አሁንም ከተጠራጠራችሁ ሁለቱንም ሊንኮች አውልቁና በዚያው መንገድ ላይ በጣም በቀስታ ንዱ። ድምፁ ከጠፋ አገኛችሁት። ያለ ሊንክ መኪናው ኩርባ ላይ ስለሚያዘነብል ከሙከራው አልፋችሁ አትንዱበት።

ዋጋዋ ከአሞርዛተር ጋር አይወዳደርም። ቅያሬውም ከሁለት ዳዶ አያልፍም። ዳዶው ሲዞር ኳሷም አብራ የምትዞር ከሆነ መሀሏን በብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ) ያዙላት። ዝገት ካለ ማታውኑ ናፍጣ ቀቡትና ይደር። ሁለቱንም የፊት ጎማ እኩል ከፍ አድርጉ፣ አለዚያ የስታቢላይዘሩ ዘንግ ተወጥሮ አላስገባ ይላችኋል። ስታቢላይዘሩን ከሻንሲው ጋር የሚይዙትን ሁለት ጎሚኒዎችም (ላስቲኮች) እግረ መንገዳችሁን እዩ። እነሱ ሲበሉም ድምፁ ተመሳሳይ ነው።

ፍሬን ሲያዝ ወይም ሲነሳ አንዴ "ዷ" ይላል፣ መሪውም ይጎትታል

የብራቾው ቦኮላ (ላስቲክ ያለው የመገጣጠሚያ ቀለበት) ነው። ብራቾ ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው የታች ክንድ ነው። ቦኮላው ውስጥ ያለው ላስቲክ ሲቀደድ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ጎማው ወደ ኋላ ይሸሻል። ረጅም ብረት አስገብታችሁ ብራቾውን ስትገፉት ላስቲኩ አፉን ከከፈተ አልቋል።

ሙሉ ብራቾ መግዛት የለባችሁም። ብረቱ ካልተጣመመና ካልዛገ ቦኮላውን ብቻ ገዝታችሁ ፕሬስ ያለው ቶርኖ ቤት አስገፉት። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ብራቾ ብትገዙም ችግር የለውም፣ ብረት ብረት ነው። ያገለገለ ላስቲክ ግን አትግዙ። ዕድሜው ከእናንተው ላስቲክ እኩል ነው።

አሁን የምለውን ለመካኒካችሁ ደጋግማችሁ ንገሩ። የብራቾው ቡሎን መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው በጎማው መሬት ላይ ቆሞ፣ ክብደቱ አርፎበት ነው። እግሩ በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ ከተጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ቀን ከሌሊት እንደተጠመዘዘ ይኖርና ሳይቆይ ይቀደዳል። "አዲስ ቦኮላ አስገብቼ ወዲያው ተበላ" የሚል ሰው ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው።

መኪናው ጉብታ አልፎ መዝለሉን አያቆምም፣ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው ይደፋል

እዚህ ጋ አሞርዛተር ተጠርጣሪ ነው። ጥጉን በሁለት እጅ ተጭናችሁ ልቀቁት። አንዴ ተነስቶ ከረጋ ደህና ነው፤ ሁለት ሦስቴ ከተወዛወዘ ደክሟል። አሞርዛተሩ ላይ የሚፈስ እርጥብ ዘይት ካለ ምንም ሙከራ አያስፈልገውም። ስስ አቧራ የያዘ ወዝ ብቻ ከሆነ ግን አትደንግጡ። ጎማውንም በመዳፋችሁ ዳስሱት፣ ማዕበል ማዕበል ካለው ደካማ አሞርዛተር ሊሆን ይችላል።

የፊቱን ሁለቱን ወይም የኋላውን ሁለቱን አንድ ላይ ቀይሩ። አራቱን ባንዴ ካልቻላችሁ በደከመው በኩል ጀምሩ። "አሞርዛተሩን በስተን ዘይት እንሙላልህ" የሚል ካጋጠማችሁ እለፉት። ሞላው ታምቆ የተቀመጠ ነገር ስለሆነ ያለ ማመቂያ መሣሪያ ቤት ውስጥ አትፍቱት፣ ሰው ይገድላል። ይህንን ሥራ ለጋራዥ ክፈሉ። ከተፈታ አይቀር ከላይ ያለውን መቀመጫ ጎማና ኩሽኔታውን አሳዩ። መሪ ስትጠመዝዙ ሞላው እየተወጠረ "ጥንግ" የሚል ከሆነ ጥፋቱ እዚያ ነው።

መሪው ላልቷል

ጎማውን ከመሬት አንሱ። ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ስታወዛውዙ ከተነቃነቀ የመሪው ቴስቲና (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያዘው የዘንግ ጫፍ) ነው። ከላይና ከታች ከተነቃነቀ ቦል ጆይንት (ብራቾውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ኳስ) ወይም የጎማ ኩሽኔታ ነው፤ ጓደኛችሁ ፍሬን ረግጦ ሲይዝ መነቃነቁ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው። ኩሽኔታ ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚያድግ ጉምጉምታም አለው።

ቦል ጆይንት ከሆነ ግን መንዳት አቁሙ። ሲወልቅ ጎማው ይተኛል፣ መሪ የሚባል ነገር አይኖራችሁም። ምንም ብር ቢጎድላችሁ ይህንን አስቀድሙ። በእኔዋ ኮሮላ ብራቾው ላይ በቡሎን ስለታሰረ ብቻውን ይቀየራል።

አንዱ ጎን ዝቅ ብሏል

ሜዳ ላይ አቁማችሁ ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ) ጠርዝ በሜትር ለኩ። ግራና ቀኙ በግልጽ ከተለያየ ሞላው ደክሟል ወይም ተሰብሯል። በሞላው መሀል ጎማ መክተት የተለመደ ነው፣ እኔ ግን አልመክርም። የታፈነው ክፍል መሥራት ያቆምና ሸክሙ በቀረው ላይ ይወድቃል።

አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) የሁሉም መጨረሻ ነው። ቦኮላው ሳይቀየር ብታስተካክሉ ብራችሁን በተናችሁ። ከዚያ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ የነካካችኋቸውን ዳዶዎች አንድ በአንድ በቁልፍ ሞክሩ።