መኪና ማውረድ ጅማ ላይ፦ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ላይ መኪናውን ማውረድ፣ ማለትም ከመሬት ያለውን ከፍታ መቀነስ፣ የሚፈልግ ሰው የሚጠይቀው ሁሌም ያንኑ ነው፦ ዝቅ ብሎ ይመር፣ ኩርባ ላይ ይያዝ፣ ሆዱ ግን አይላጥ። የቶዮታ ዲኤክስ ኮሮላ ያለውም፣ ሴሊካ ያለውም፣ ጂቲ86 ያለውም ይህንኑ ይላል። ሦስቱን አንድ ላይ ማግኘት ይቻላል፤ እኔ የምመክረው ግን ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ብቻ አውርዳችሁ የቀረውን ከአሞርዛተር (የሞላውን ንጥረት ከሚገታው)፣ ከጎማና ከትክክለኛ ገጠማ እንድትፈልጉት ነው። ከዚያ በላይ የወረደ መኪና አስፋልት ላይ ቢያምርም የሰፈሩን ኮብልስቶን አይችልም። ደግሞም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከሉ፣ እጃችሁ ላይ ያለውን መኪና ካበላሻችሁት እንደ ድሮው ሌላ አስመጥታችሁ አትተኩትም።

ሞላ መቁረጥ

ርካሽና ፈጣን ስለሆነ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀርብላችሁ ሐሳብ ይኸው ነው፦ ሞላውን አውጥቶ በግራይንደር መቁረጥና መልሶ መግጠም። ሞላ ዙሩ ሲቀነስ ይጠነክራል። ስድስት የሚሠሩ ዙሮች ካሉት ላይ አንድ ተኩል ብትቆርጡ ጥንካሬው በሲሶ ይጨምራል። አሞርዛተሩ ግን የተሠራው ለድሮው ሞላ ስለሆነ ይህን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ መኪናው ይነጥራል።

ከዚህ የሚብሰው የቁመቱ ማጠር ነው። ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል ያጠረው ሞላ ከመቀመጫው ይለቅና ሲመለስ ተጣሞ ያርፋል። የተቆረጠ ሞላ ካገኛችሁ ጫፉን ተመልከቱት። የፋብሪካው ጫፍ የመቀመጫውን ቅርጽ ተከትሎ በሰፊው ያርፋል፤ የተቆረጠው ግን በአንዲት ነጥብ ብቻ ነው የሚቀመጠው። እዚያች ነጥብ ላይ ቀለሙ ተልጦ ዝገት ጀምሯል፣ መቀመጫው ላይም ጫፉ የቦረቦረው መስመር ይታያል። በኦክሲጅን እሳት አሙቆ ማስጎንበስ ደግሞ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ለሞላ ጉልበት የሚሰጠው ፋብሪካ ውስጥ በልክ የተደረገለት የሙቀት ሥራ ነው፤ እስኪቀላ ካጋላችሁት ያ ጉልበት ይጠፋል። ግራው በአንድ መጠን ቀኙ በሌላ ይሰምጣል፣ ከዚያ በኋላ ማስተካከያ የለውም። ለመኪናችሁ ሞዴል ተብሎ በአጭር የተሠራ ሞላ እስክታገኙ ታገሡ።

ባዶውን መኪና መለካት

ብዙ ሰው ከመሬት እስከ ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ እስካለው የቦዲ ጠርዝ) ይለካል። ያ ልኬት ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን ለማወቅ ይጠቅማል፣ ጉብታ ስለ ማለፍ ግን ምንም አይነግራችሁም። መለካት ያለበት ዝቅተኛው ቦታ ነው፦ የዘይት ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ)፣ የማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ቱቦ፣ የፊተኛው ተሸካሚ ብረት። የሚለካውም አራት ሰው ተሳፍሮ፣ ታንኩ ሞልቶ፣ የኋላው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ዕቃ ተጭኖ ነው። ባዶውን ጉብታ ያለፈ መኪና ቅዳሜ ቤተሰብ ሲጫንበት ሆዱን ይመታል።

ሌላው የሚዘነጋው በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ነው። ለምሳሌ ጂቲ86 ላይ ይህ ርቀት 2570 ሚሊ ሜትር ነው። መሃል ሆዱ ከመሬት 130 ሚሊ ሜትር ቢርቅ ሳይነካ የሚያልፈው የጉብታ ጫፍ 11 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ነው። 30 ሚሊ ሜትር ስታወርዱት ወደ 9 ዲግሪ ይወርዳል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ግን በዝግታ በማለፍና ተንጠልጥሎ በመቅረት መካከል ያለው ልዩነት እሱ ነው። ከሥራው በፊት አራት ሰው ጭናችሁ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ወደ ጅሬን ውጡ፣ የሰፈራችሁንም ጉብታዎች አንድ በአንድ እለፉ። አሁን እየነካ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል።

የድሮውን አሞርዛተር መተው

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ጅማ ዝናቡ ረጅም ነው፤ ውሃ የሞላ ጉድጓድ ጥልቀቱ አይታይም። እዚያ ውስጥ ስትገቡ የሚያድናችሁ አሞርዛተሩ ወደ ላይ የሚሄድበት የቀረው ርቀት ነው። 80 ሚሊ ሜትር ከነበረው 40 ብታወርዱበት ግማሹ አለቀ። ርቀቱ አልቆ የመጨረሻ ማቆሚያው፣ ስቶፐር ላስቲኩ፣ ላይ ሲደርስ ጎማው ከመሬት ይዘላል፣ ከመሬት የተነሳ ጎማ ደግሞ አይመራም፣ ፍሬንም አይይዝም። “ይለምደዋል ወንድሜ፣ ሲሄድ ይስተካከላል” ቢሏችሁ አትቀበሉ። አይስተካከልም፤ አሞርዛተሩ ዘይት ማፍሰስ ይጀምራል።

የቀረውን ርቀት ራሳችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ በአሞርዛተሩ የሚያብረቀርቅ ዘንግ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩና ከአሞርዛተሩ አናት ጋር አገናኙት። በየቀኑ የምትሄዱበትን መንገድ ዞራችሁ ስትመለሱ ማሰሪያው ወደ ስቶፐሩ ተገፍቶ ይገኛል። ላስቲኩ ሥር ድረስ ተገፍቶ ከሆነ ከልክ በላይ ወርዳችኋል ማለት ነው። ከፍታው የሚስተካከል ኮይሎቨር (ሞላና አሞርዛተር በአንድ የተሠራ) የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሁለት ዓይነት እንዳለ እወቁ። አንደኛው የሞላውን መቀመጫ በማውረድ ብቻ ዝቅ ይላል፣ ርቀቱንም ይበላል። ሁለተኛው የታችኛው ማቀፊያው ራሱ ጥርስ ስላለው የአሞርዛተሩን ርቀት ሳይነካ ያሳጥረዋል። ለእኛ መንገድ ሁለተኛው ይሻላል፤ ጎማው ወደ ላይ ሲገፋ ፓራፋንጎውን እንዳይነካ ግን ማየት ግድ ነው።

በወረደ ቁጥር ይይዛል ብሎ ማሰብ

የሚያስደንቀው እዚህ ላይ ነው። ማክፈርሰን በሚባለው አሠራር፣ ማለትም ኮሮላም የጂቲ86 ፊትም ባለው፣ መኪናው ሲያጋድል የሚዞርበት ነጥብ በሎወር አርሙ (ጎማውን ከሻንሲው ጋር በሚያያይዘው የታችኛው ክንድ) ማዕዘን ይወሰናል። መኪናውን ስታወርዱት ይህ ነጥብ ከመኪናው ክብደት ማዕከል ይበልጥ በፍጥነት ይወርዳል። ስለዚህ አብዝቶ የወረደ መኪና ሞላው ካልጠነከረ በስተቀር ኩርባ ላይ ከበፊቱ የባሰ ሊያጋድል ይችላል። በቀላሉ ለማየት መኪናው በጎማው ቆሞ ሳለ ከሥር አጎንብሱ፦ የሎወር አርሙ የጎማ በኩል ጫፍ ከሻንሲው በኩል ካለው በላይ ከወጣ አልፋችኋል። ቴስቲናውም (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ጫፍ) ማዕዘኑ ሲለወጥ ጉብታ በመታችሁ ቁጥር መሪው በራሱ ይጎትታል፤ ወደ ጊቤ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ፣ ከፊት የጭነት መኪና እየመጣ፣ ይህ እንዲደርስባችሁ አትፈልጉም። የተራዘመ ቦል ጆይንት (ሎወር አርሙ በጎማው በኩል የሚገናኝበት መገጣጠሚያ) የአርሙን ማዕዘን ያስተካክላል። ካልተገኘ መልሳችሁ 10 ሚሊ ሜትር አንሱት፤ ማጋደሉን በወፈረ ስታቢላይዘር (ግራና ቀኙን በሚያያይዘው ብረት) ቀንሱ።

ቀጭን ጎማ

ለመልክ ተብሎ ቸርኬው ሲተልቅ የጎማው ጎን ይሳሳል። የመጀመሪያው ሹል ኮብልስቶን ቸርኬውን ያጣምመዋል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው፦ 215/45 ባለ 17 ጎማ ያለው ጂቲ86 ወደ 205/55 ባለ 16 ቢቀየር የጎማው ጎን ከ97 ወደ 113 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። መኪናው ራሱ በ3 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። ሞላው ከወሰደባችሁ ላይ ጥቂቱን ጎማው ይመልስላችኋል፣ ድንጋጤውንም ይውጣል።

በክሪክ ተንጠልጥሎ ብሎን ማጥበቅ

ይህ በጣም የተለመደ ነው፣ ማስቀረቱ ግን ገንዘብ አያስወጣም። የሎወር አርም ቡሽ ውስጡ ላስቲክ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ ተጠማዞ ይቀራል፣ ብዙም ሳይቆይ ይቀደዳል። ብሎኖቹን በእጅ ብቻ አስገቡ፣ መኪናውን በጎማው አቁሙት፣ ከዚያ አጥብቁ።

አላይመንትን መዝለል

ከፍታ ሲለወጥ የጎማው አቅጣጫም ይለወጣል፤ ጎማው ከውስጥ በኩል ይበላል፣ ከውጭ ስታዩት ግን ደህና ይመስላል። አዲሱ ሞላ እስኪደላደል ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ንዱና አላይመንት አስተካክሉ። የፊት መብራቱንም አብራችሁ አስለኩ።

ኮፓውን ያለ መከላከያ መተው

ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ከኮፓው ሥር አስገጥሙ። ላሜራው ራሱ ከፍታ ስለሚወስድ ከኮፓው ጋር ተጠግቶ ይሠራ፤ የዘይት ማፍሰሻው ትይዩ ቀዳዳ፣ ለአየር ደግሞ ጥቂት ክፍተቶች ይኑሩት። የማርሚታውን ማንጠልጠያ ላስቲክ በአጭር ስትቀይሩ ቱቦው አንድ ጣት ያህል ከፍ ይላል። ከዚያ መልሳችሁ ለኩ፣ አራት ሰው ጭናችሁ።