ውክልናው «እንዲሸጥ» አይልም ነበር

ኮንዶሚኒየም ልገዛ ነበር። ባለቤቱ አሜሪካ ነው፤ የሚሸጥልኝ ወንድሙ ነው፣ በውክልና። ደላላው «ሁሉም ነገር ክሊር ነው» አለኝ። ቀብድ ከፈልኩ፣ ተፈራረምን። መጀመሪያ ከፍሎ ኋላ ማንበብ የኔ አመል ነው።

ለዋናው ውል ውልና ማስረጃ ስንቀርብ ሠራተኛዋ ውክልናውን ሁለቴ አገላብጣ መለሰችልን። ጣቷ ያረፈበትን መስመር አየሁ፦ «ቤቴን እንዲያስተዳድር፣ እንዲያከራይ፣ ኪራይ እንዲቀበል»። «እንዲሸጥ» የምትል ቃል የለችም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ጠቅላላ ውክልና አይበቃም።

መፍትሔው ረጅም እንጂ ከባድ አልነበረም። ባለቤቱ ዋሽንግተን ኤምባሲያችን ሄዶ አዲስ ውክልና ሰጠ። የቤቱ ቁጥር ገባ፤ መሸጥ፣ ስም ማዛወር፣ ገንዘብ መቀበል አንድ በአንድ ተጻፈ። ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ አረጋገጠው። ባለትዳር ስለሆነ የሚስቱም ስምምነት ተያያዘ፤ ያ ባይኖር ሌላ ጣጣ ነበር።

እስከዚያው እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ለቀብድ ውሉ ተጨማሪ ወረቀት ጻፍን፦ ውክልናው በ60 ቀን ካልመጣ ቀብዴ ይመለሳል። ሕጉ ቁጥር 1885 ላይ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን ያፈረሰ እጥፍ ይመልሳል ይላል፤ እኔ ግን የተቆረጠ ቀን ነበር የፈለግሁት። ቤቱ ዕዳና እገዳ እንደሌለበትም አጣራሁ።

በ41ኛው ቀን ተዋዋልን። ደላላው ኮሚሽኑን ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።