ጀርመንኛ ሳይችሉ ሃምቡርግ ላይ ሙዚካል ማየት

እማዬ ከአዲስ አበባ እኔ ጋ ፍራንክፈርት ስትመጣ የያዘችው የሼንገን ቪዛ ነበር። በሼንገን ቪዛ ለንደን አይገባም፤ ስለዚህ ሙዚካል (በዘፈንና በጭፈራ የሚቀርብ ቲያትር) ላሳያት ያሰብኩት የለንደኑ የቲያትር ሰፈር ዌስት ኤንድ ቀረና ሃምቡርግ ሄድን። አሁን ቤቱ እንግዳ የመጣበት ሰው ሲያማክረኝ ሃምቡርግ ውሰዷቸው እላለሁ። በፈጣኑ ባቡር ከፍራንክፈርት አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ ሁለት ሌሊት ይበቃል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1986 ሬፐርባን በሚባለው ጎዳና ላይ ባለው ኦፔሬተንሃውስ ቲያትር “ካትስ” የተባለው ሙዚካል ከተከፈተ ወዲህ በሙዚካል ስሟ የሚነሳ ነው።

እማዬ ጀርመንኛ አትሰማም። ስለዚህ ትልቁ ሥራ ምርጫው ነው። በቀልድና በንግግር የሚሄድ ትርኢት ቋንቋውን ለማይሰማ ሰው ድካም ይሆናል። ታሪኩ ቀድሞ ሊነገር የሚችል፣ ዓይን የሚጠግብበትን ምረጡ። እኛ የመረጥነው በኤልበ ወንዝ ማዶ ባለው የወደብ ቲያትር እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የሚታየውን “ላየን ኪንግ” ነው። በዋዜማው ማታ ሆቴል ተቀምጠን ታሪኩን እንደ ተረት ነገርኳት፦ አጎቱ በሴራ አባቱን ስለገደለበት ደቦል፣ ተሰዶ ስለማደጉ፣ ወደ አገሩ ስለመመለሱ። “አጎትየውስ መጨረሻው ምን ሆነ?” አለችኝ። አልነገርኳትም። እናንተም መጨረሻውን አስቀሩ፤ በማግስቱ ቋንቋውን ሳትሰማ ወንበሯ ጫፍ ላይ ያስቀመጣት እሱ ነው።

ትኬት ከቲያትር ቤቱ ከራሱ ድረ ገጽ ግዙ። እኔ ከዚያ በፊት ብቻዬን የሄድኩ ጊዜ ፍለጋው ላይ መጀመሪያ የወጣልኝን ሻጭ አምኜ ከትክክለኛው ዋጋ በላይ ከፍያለሁ። የሥራ ቀን ምሽት ከቅዳሜ ይረክሳል። “ፓርኬት” የሚሉት ምድር ላይ ያለውን መቀመጫ ነው፤ “ራንግ” ፎቁ ነው። ለብዙ ሙዚካል የፎቁ ፊተኛ ረድፍ ግሩም ነው፤ ለዚህኛው ግን ፓርኬት፣ ያውም መተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር ያዙ። መጀመሪያ ላይ እንስሳቱ በተመልካቹ መሐል እያለፉ ነው መድረክ የሚወጡት።

ሰዓቱን ለወላጆቻችሁ በእኛ አቆጣጠር ንገሯቸው፤ ትኬቱ ላይ 19:30 የሚለው ከምሽቱ 1:30 ነው። በኤስ ባን ወይም በኡ 3 ባቡር ላንዱንግስብሩከን ጣቢያ ወርዳችሁ ብሩከ 1 ከሚባለው መሳፈሪያ የቲያትሩን ጀልባ ትሳፈራላችሁ፤ ትኬት ለያዘ ሰው ክፍያ የለውም። ማቋረጡ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፤ ነፋሱ ግን አጥንት ይገባል፤ ከነጠላው በላይ ካፖርት ይደረብ። ውስጥ ስትደርሱ ካፖርቱን “ጋርደሮበ” በሚሉት የልብስ ማስቀመጫ አስቀምጡት። ጾም ከሆነ ቀድማችሁ ብሉ፤ የከተማዋ ታዋቂ ዳቦ ፍራንትስብሮትሸን ቅቤ አለበት።

ትርኢቱ ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ጀልባው ጋ ድረሱ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ያኔ ብቻዬን የሄድኩ ጊዜ በራሴ ጥፋት ስለዘገየሁ ነው። የመክፈቻውን ዜማ ከተዘጋ በር ውጭ ቆሜ ሰማሁት። እንስሳቱ በመተላለፊያው ሲያልፉ ዘግይቶ የመጣ ሰው ሊገባ አይችልም፤ ያ ትዕይንት ደግሞ ተመልሶ አይመጣም።

መብራቱ ሲጠፋ መጀመሪያ የምትሰሙት ጥሪ በዙሉ ቋንቋ ነው፤ የደቡብ አፍሪካው ሙዚቀኛ ሌቦ ኤም ሥራ። ሃምቡርግም ላይ ወደ ጀርመንኛ አልተመለሰም። የታሪኩን ጠቢብ ዝንጀሮ ራፊኪን የምትጫወተው ሴት ስትጣራ ከጎናችን የነበሩት ጀርመኖችም እማዬም እኩል ነበሩ፤ ሁሉም ቃሉን ሳያውቅ ነው ፀጉሩ የቆመው። ዝሆኑ በአጠገባችን ሲያልፍ እጄን ጨብጣ ያዘችኝ። ጭንብሎቹን የነደፈችው የትርኢቱ አዘጋጅ ጁሊ ቴይሞር ከማይክል ከሪ ጋር ሆና ነው፤ ብዙዎቹ ጭንብሎች ከግንባር በላይ ስለሚቀመጡ የተዋናዩ ፊትም ይታያል። እንግዳችሁን ሁለቱንም እንዲያይ ምከሩት። ቀጭኔ የሆነው ሰው እጆቹም እግሮቹም ምርኩዝ ላይ ናቸው፤ ሰውየውን እያያችሁ ቀጭኔዋ ስትራመድ ማየት ትችላላችሁ፣ እኔን የሚያስለቅሰኝ እሱ ነው።

እረፍት ላይ ሽንት ቤት ሰልፉ ረጅም ነው፤ መጋረጃው እንደወረደ ተነሱ። በትርኢቱ ጊዜ ስልክ አታውጡ። ሲያልቅ ግን ወደ ጀልባው አትሩጡ፤ ጀልባዎቹ ይመላለሳሉ፣ ጭብጨባውም የትርኢቱ ክፍል ነው። እማዬ እልል አለች፤ ፊታችን የነበሩት ባልና ሚስት ዞረው ለእሷም አጨበጨቡላት።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ወንዙ ተመለሱ። ላንዱንግስብሩከን አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1911 የተከፈተው የድሮው የኤልበ ዋሻ አለ፤ 426 ሜትር በወንዙ ሥር በእግር ያሻግራል፤ ለእግረኛ ነፃ ነው፣ አሳንሰርም ስላለው ጉልበት ያመመው ሰው አይቸገርም። መሐል ላይ ስንደርስ እማዬ የማታውን ጥሪ ቀስ ብላ ሞከረችው። ግድግዳው በሸክላ ንጣፍ የተሸፈነ ነው፤ ድምጿን መልሶ ሰጣት፤ እንደገና ጠራች።