ትልቅ ጎማ የገጠመ መኪና መሪው ሲከብድ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

በበጋ የበሽሎን ቁልቁለት፣ በክረምት የደላንታን ዋልካ የሚያውቅ ሾፌር ላንድክሩዘሩን ወይም ፓትሮሉን ከፍ አድርጎ ሰፊ ጎማ ቢያስገጥምለት የሚፈረድበት አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል በሰው ጉልበት ወደ መቅደላ የተጎተተበት ገደል ዛሬም ለጎማ አይራራም። ችግሩ የሚመጣው ጎማው አድጎ መሪው በነበረበት ሲቀር ነው። የቆየው 7.50-16 ጎማ ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በስያሜው የተጻፈው ስፋቱ ደግሞ 19 ሴንቲ ሜትር ነው። 315/75 አር 16 የሚባለው ግን 88 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 31 ተኩል ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ይህን ሁሉ ጎማ እንዲያዞር የታዘዘው ለቀጭኑ ጎማ የተሠራው ያው የመሪ ዘይት ገፊ ፖምፓና የመሪውን ዙር ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው ያው ስካቶላ ነው።

ጋራዥ ሲደረስ የመጀመሪያው ፍርድ ብዙ ጊዜ «ጋሼ፣ ፖምፓው ደክሟል፣ ትልቅ እንግጠም» የሚል ነው። አንዳንዴ ልክ ይሆናል። እኔ ግን ፖምፓን ከመጨረሻዎቹ ተጠርጣሪዎች ተርታ አስቀምጠዋለሁ። በሬው ቢበረታ ሞፈሩ ከነቀዘ የሚሰበረው ሞፈሩ ነውና፣ ባረጀ ዘንግና በተሰነጠቀ ሻንሲ (የመኪናው የብረት አጽም) ላይ ጉልበት መጨመር ጉዳቱን ወደ ሌላ ቦታ ከማዛወር አያልፍም።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ

ፖምፓው ግፊት አያመርትም፤ የሚልከው ፍሰት ነው። ግፊት የሚፈጠረው ዘይቱ ስካቶላው ውስጥ ገብቶ የጎማውን እምቢታ ሲያገኝ ነው። ያ እምቢታ ፖምፓው ላይ ያለው የግፊት ማቃለያ ቫልቭ ከተለካለት ልክ ሲያልፍ ቫልቩ ተከፍቶ ዘይቱን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ መሪውም ድንጋይ ይሆናል።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት እጥረት አለ። የፍሰት እጥረት ሲሆን መሪው በዝግታ ሲዞር ይታዘዛል፣ በፍጥነት ሲጠመዘዝ ግን ይያዝና ይለቃል። የግፊት እጥረት ሲሆን በዝግታም ይዞር በፍጥነት እኩል ይከብዳል፣ በተለይ መኪናው ቆሞ ጎማው በድንጋይ መካከል ሲገባ። ለመለየት ሞተሩን ከሥራ ፈት ዙር (ነዳጅ ሳይረገጥ ከሚዞርበት) በደቂቃ ወደ 1,500 ዙር ከፍ አድርጉና መሪውን አዙሩ። ከቀለለ የጎደለው ፍሰት ነው። ካልቀለለ ወይ ግፊት አንሷል፣ ወይ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ብረት ከብረት ተናንቋል። ይህ ፈተና ገንዘብ አያስወጣም፤ ሳያደርጉት ፖምፓ የሚገዙ ሰዎች መብዛታቸው ግን ይገርመኛል።

ምልክት፦ ቆሞ ሲዞር በጣም ይከብዳል፣ ሲሄድ ይቀላል

በትልቅ ጎማ ላይ ይህ በመጠኑ የሚጠበቅ ነው። ከመጠን ሲያልፍ ግን መጀመሪያ የጎማውን ነፋስ አስለኩ። ለዋልካ ተብሎ የተቀነሰ ነፋስ አስፋልት ላይ ሳይሞላ ከቀረ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም። ቀጥሎ ቸርኬውን ተመልከቱ። ጎማው ከባሌስትራ (ከተደራራቢው የብረት ንጣፍ ሞላ) ወይም ከሻንሲ ጋር እንዳይፋተግ ተብሎ ወደ ውጭ የወጣ ቸርኬ ከተገጠመ፣ ወይም በቸርኬውና በመገጣጠሚያው መካከል ወፍራም ብረት ከገባ፣ ጎማው በቦታው መዞሩን ትቶ ቅስት እየሠራ መሬቱን ይፍቃል። ክብደቱን የሚያመጣው ይህ ርቀት ነው። ወደ ውስጥ የሚገባ ቸርኬ መለወጥ ከፖምፓ ርካሽም ውጤታማም ሊሆን ይችላል።

ከዚያ የፊቱን አክስል በክሪክ አንሥታችሁ፣ መቆሚያ አስደግፋችሁ መሪውን አዙሩ። በአየር ላይ ቀልሎ መሬት ላይ ከከበደ ጥፋቱ የጎማው ወይም የግፊቱ ነው። በአየር ላይም ከከበደ ዘይቱን ተዉትና ወደ ብረቱ ሂዱ።

ብረቱን ለመፈተሽ ከስካቶላው ወደ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ ፍቱት። መሪው ብቻውን ቀሎ ጎማው በእጅ ሲገፋ ከከበደ፣ ጎማው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞርበት መጋጠሚያ ላይ ያሉት የላይና የታች ኩሽኔታዎች ደርቀዋል ወይም ከልክ በላይ ጠብቀዋል። ወንዝ ተሻግሮ ግሪስ የማይለወጥለት መኪና ይህ ዕጣው ነው። ሲጠገን ጥበቃው በግምት አይተው፤ ገበያ ላይ በሚንጠለጠል የሞላ ሚዛን የመሪውን ክንድ ጫፍ ጎትቶ መለካትና ከመኪናው የጥገና መመሪያ ጋር ማስተያየት ይቻላል።

ብረቱ ነጻ ከወጣ በፖምፓውና በስካቶላው መካከል የግፊት መለኪያ ይገባል። ዘይቱ ሞቆ፣ ሞተሩ በሥራ ፈት ዙር ላይ እያለ የመለኪያው ቫልቭ ይዘጋል፣ ከ10 ሰከንድ በላይ ግን አይያዝም፤ ፖምፓው ይቃጠላል። ቫልቩ ተዘግቶ ግፊቱ መመሪያው ከሚለው ካልደረሰ ፖምፓው ወይም ማቃለያ ቫልቩ ነው። ተዘግቶ ደርሶ፣ ተከፍቶ መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞር ከወረደ ዘይቱ የሚያመልጠው ስካቶላው ውስጥ ነው፤ አዲስ ፖምፓ አያድነውም።

አንዳንድ ባለሙያ በማቃለያ ቫልቩ ውስጥ ቀጭን ሮንዴላ ጨምሮ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል። በጥንቃቄና በመለኪያ ከተሠራ የሚረዳበት ጊዜ አለ። በግምት ሲሠራ ግን ቱቦ ይፈነዳል፣ የስካቶላው ጎሚኒዎች ይወጣሉ። የደሴን ቁልቁለት ለሚወርድ መኪና አልመክረውም።

ምልክት፦ በፍጥነት ሲዞር ይያዛል፣ ሞተሩም ሊጠፋ ይቃጣል

የፍሰት እጥረት ነው። በቅደም ተከተል ፖምፓውን የሚያዞረው ቺንጋ፣ የዘይት ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ፊልትሮ፣ የሥራ ፈት ዙሩ፣ በመጨረሻም ፖምፓው ይታያሉ። የላላ ቺንጋ መሪው መጨረሻው ሲደርስ ይጮኻል። ፊልትሮውን ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም፤ በጥቁር ዝቃጭ ከተደፈነ ፖምፓው ይራባል።

ስለ ሥራ ፈት ዙሩ አንድ የእኛ አገር ነገር አለ። ተርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ከፍታ ላይ አየር ስለሚያንሰው ጉልበቱ ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ላይ በደንብ የተስተካከለ ዙር ወገልጤና ላይ መሪው ሲጠመዘዝ ይወርዳል፣ ፖምፓውም አብሮ ይዳከማል። ስለዚህ ዙሩ በመመሪያው ልክ መሆኑን መኪናው የሚውልበት ከፍታ ላይ ማረጋገጥ ይሻላል።

እዚህ ሁሉ ደርሶ ፍሰቱ አሁንም ካነሰ ያን ጊዜ የበለጠ የሚልክ ፖምፓ መግጠም ተገቢ ነው። የፖምፓውን ፑሌጃ (ቺንጋው የሚያዞረውን ክብ) ማሳነስም ፖምፓውን ያፈጥነዋል፣ ነገር ግን ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሮጥ ፖምፓው ከሚችለው በላይ ይሽከረከራልና ዘይቱ ይሞቃል፤ ረጅም አስፋልት ለሚሄድ ሰው አይሆንም።

ምልክት፦ ያጉረመርማል፣ ዘይቱ ያረፋል፣ ወይም የተቃጠለ ይሸታል

አረፋና ማጉረምረም አየር ገብቷል ማለት ነው። የዘይቱ መጠን፣ ወደ ፖምፓው የሚገባው የዝቅተኛ ግፊት ቱቦና ማሰሪያው ይታዩ። ይህ ቱቦ ዘይት ሳያፈስ አየር መሳብ ስለሚችል ደረቅ ነው ብላችሁ አትመኑት።

የተቃጠለ ሽታና የጠቆረ ዘይት ግን ሙቀት ነው። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሮ መያዝ ማቃለያ ቫልቩን ክፍት ያደርገዋል፣ ዘይቱም በዚያች ጠባብ መንገድ እየተፋጨ በሰከንዶች ይግላል። መጨረሻው ሲደርስ ጥቂት መልሱት። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርድ መኪና የመሪ ዘይት ማቀዝቀዣ ሊኖረው ይገባል። ማቀዝቀዣው በመመለሻው ቱቦ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ከራዲያተሩ ፊት ይገጠማል፤ በግፊት ቱቦው ላይ ከተገጠመ ይፈነዳል።

ዘይቱን በተመለከተ፣ ብዙዎቹ የቶዮታና የኒሳን ስካቶላዎች የሚፈልጉት ቀዩን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። መንገድ ላይ ጎድሎ የፍሬን ዘይት የሚጨምር ሰው አለ። የፍሬን ዘይት ጎሚኒዎቹን ያሳብጣቸዋል፣ ከሳምንታት በኋላ ሁሉም ማፍሰስ ይጀምራሉ።

ምልክት፦ መንገድ አይይዝም፣ ወይም ከታጠፈ በኋላ አይመለስም

ይህን ፖምፓ አያመጣውም፣ ፖምፓም አያድነውም። እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ የፊት ሞላ ያላቸው ባለ 70 ተከታታይ ላንድክሩዘሮች ከፍ ሲደረጉ አክስሉ ወደ ፊት ይሽከረከርና ጎማው የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ የነበረው ዘንበል ይቀንሳል። በ5 ሴንቲ ሜትር ጭማሪ ሁለት ዲግሪ ገደማ ይጠፋል። መሪውን ወደ መሐል የሚመልሰው ያ ዘንበል ነበር። መፍትሄው ቀዳዳቸው ከመሐል የሸሸ ጎሚኒዎች ወይም የተስተካከሉ የአክስል ክንዶች ናቸው። ባሌስትራ ባላቸው የቀድሞዎቹ ላይ በአክስሉና በባሌስትራው መካከል ሽብልቅ ብረት ይገባል፤ ወፍራሙ ጎን በተሳሳተ አቅጣጫ ከገባ ነገሩ ይብሳል። ዘንበሉ ሲመለስ መሪው ቆሞ ሲዞር በጥቂቱ እንደሚከብድ ግን ዕወቁ።

ሌላው ምክንያት ስካቶላው አናት ላይ ያለችው ማስተካከያ ቡሎን ናት። ክፍተት ለማጥፋት ተብላ ከልክ በላይ ስትጠብቅ መሪው የሄደበት ይቀራል።

ምልክት፦ ጉብታ ሲነካ የፊቱ በሙሉ ይንቀጠቀጣል

ይህ የሚያስፈራ ነው፣ ሾፌሩም ልክ ነው ቢፈራ። አክስሉን ከሻንሲው ጋር በአግድም የሚያይዘው ዘንግ ጎሚኒ፣ የመሪ ዘንጎቹ ጫፍ መጋጠሚያ የሆኑት ቴስቲኒዎች፣ የላይና የታች ኩሽኔታዎቹ፣ የጎማው ሚዛን፣ ከላይ ያልነው ዘንበል አንድ በአንድ ይፈተሹ። አንድ ሰው መሪውን በአጭሩ ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅስ፣ ሌላው ከሥር ተኝቶ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጁ ይዳብስ፤ ልቅ የሆነው ራሱን ያጋልጣል። አዲስ የመሪ ሾክ አብዞርበር መግጠም ብቻውን በሽታውን ይደብቃል፣ አይፈውሰውም።

ምልክት፦ መሪው ይዞራል፣ ጎማው ዘግይቶ ይከተላል፣ ከፊት ቀጭ የሚል ድምፅ አለ

ስካቶላው የታሰረበትን ሻንሲ በናፍጣና በብሩሽ አጥባችሁ በባትሪ ብርሃን ተመልከቱ። በቡሎኖቹ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካለ መኪናው ከዚያ ቦታ አይንቀሳቀስ። ስንጥቁ ጫፍ ላይ ቀዳዳ ተበስቶ እንዳይሄድ ይገታል፣ ይበየዳል፣ ከላዩ ሰፋ ያለ ደጋፊ ብረት ይጨመራል። ቡሎኖቹ የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች ውስጥ ቧንቧ ብረት መበየድ ቡሎኑ ሲጠብቅ ሻንሲው እንዳይጨፈለቅ ይረዳል። ብየዳ ሲጀመር የባትሪው ገመድ ይነቀል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ አሁንም ካልበቃ፦ ረዳት ጃክ

ከሎደር ጃክ ጋር የሚመሳሰል ግን ትንሽ የሆነ የዘይት ጃክ በአክስሉና ሁለቱን ጎማዎች በሚያያይዘው ታይሮድ መካከል ይገጠማል። ስካቶላው ላይ በሁለቱም ወገን የግፊት ቀዳዳ ተበስቶ ለጃኩ ዘይት ይሰጣል። ስካቶላው ሙሉ በሙሉ ሳይፈታ ፈጽሞ አይበሳ፤ አንዲት የብረት ብናኝ ቫልቩን ለማጥፋት ትበቃለች። ሥራው የሚሰጠው ቀዳዳውን የት እንደሚበሳ ለሚያውቅ ቶርኖ ቤት ነው።

ጃኩ የስካቶላውንና የሻንሲውን ሸክም ያቃልላል፣ ድንጋይ ጎማውን ሲመታም ምቱ መሪው ጋ ሳይደርስ ይበርዳል። ግን ከመጠን በላይ የወፈረ ጃክ አትግዙ። ለመሙላት ብዙ ዘይት ይፈልግና በፍጥነት ሲዞር መያዝ የሚለው የፍሰት በሽታ ተመልሶ ይመጣል። ለዚህም ነው ጃክና ትልቅ ፖምፓ ብዙ ጊዜ አብረው የሚገጠሙት። የጃኩ የመዘርጋት ርዝመት ጎማው ከጫፍ ጫፍ ሲዞር ከሚፈልገው ጥቂት ይብለጥ፤ መጀመሪያ መቆም ያለበት አክስሉ ላይ ያለው መገቻ ቡሎን እንጂ ጃኩ መሆን የለበትም። ቆሞ የሚቀረው ጃኩ ከሆነ ታይሮዱ ይታጠፋል።

ሞተሩ ሲነሣ መሪው በራሱ ወደ አንድ ወገን ከሮጠ ወይም ጭራሽ ከተቆለፈ አትደንግጡ፤ የጃኩ ሁለት ቱቦዎች ተገለባብጠዋል። የመጀመሪያው ማስነሣት ጎማው በአየር ላይ እያለ፣ እጅም ከመሪው ርቆ የሚደረገው ለዚህ ነው።

በመሪና በጎማ መካከል ዘንግ የሌለው፣ በዘይት ብቻ የሚዞር አሠራርም አለ። ለውድድር ሜዳ ይሁን። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው የሀረጎ ቁልቁለት ላይ አንድ ቱቦ ቢፈነዳ ሾፌሩ በእጁ የሚቀረው ክብ ጌጥ ነው።

አየር ማስወጣት

ጎማው ተነሥቶ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ዘይት ይሞላል። መሪው ከጫፍ ጫፍ በዝግታ ደጋግሞ ይዞራል፣ የጎደለው እየተሞላ። ዘይቱ መውረዱን ሲያቆም ሞተሩ ለጥቂት ሰከንዶች ይነሣና ይጠፋል፤ አረፋ ካለ እስኪረጋ ይጠበቃል። ጃክ ያለው መኪና ከሌለው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ከመጀመሪያው የጠጠር መንገድ ጉዞ በኋላ የስካቶላው ቡሎኖች፣ የጃኩ ማሰሪያዎችና የቱቦ ማያያዣዎች እንደገና ይጠበቁ፣ ቱቦዎቹም ከጎማው ወይም ከሞላው ጋር የተፋተጉበት ምልክት እንዳለ ይታዩ።