ካሹ ውስጥ አለ፣ ሲጠየቅ ግን የለም

ሬዲስ (ዳታን ለጊዜው ራም ላይ ይዞ ቶሎ የሚመልስ ማስቀመጫ፣ ማለትም ካሽ) መነሳቱን፣ ፖርት 6379 ክፍት መሆኑን፣ ፓስዎርዱ ትክክል መሆኑን አይተሃል ብዬ ልጀምር። (ድሬ ነን፣ አንተ መባባል ነውር የለውም።)

ምልክቱ ይሄ ነው። ሚድልዌሩ (በሲስተሞች መሃል ሆኖ ዳታ የሚያቀባብለው ፕሮግራም) "ጽፌያለሁ" ይላል፣ ሎጉም ይመሰክርለታል። ሌላኛው ፕሮግራም ያንኑ ኪ (ዳታው የተቀመጠበትን ስም) ሲጠይቅ "ኒል"፣ ማለትም "የለም"፣ ይመለስለታል። ኤረር የለም። ባዶ ብቻ።

ሳቢያን ሰፈር ያለ አንድ የትራንዚት ቢሮ የጠራኝ ለዚሁ ነበር። ሚድልዌሩ በጃቫ የተሠራ ነው፣ የኮንቴይነሮችን ሁኔታ ከውጭ ሲስተም እያመጣ ካሽ ላይ ያስቀምጣል። የቢሮው ገጽ ደግሞ በፓይተን ነው፣ ከካሹ ያነባል። ያነባል ስል ይሞክራል። ስለማያገኝ በየጥያቄው ወደ ውጭው ሲስተም ይሮጣል፣ ገጹ እስኪከፈት ሻይ ታዞ ይጠጣል። እነሱ ምን አደረጉ? ሰርቨሩ ላይ ራም ጨመሩ! አቦ፣ ራም ምን አጠፋ? ጭራሽ አንዱ ልጅ በስልክ "ካሹ ባዶ ነው፣ ምንም የለም" ሲል የሰማችው ገንዘብ ያዥ ደንግጣ ካዝናዋን ልትቆጥር ተነስታለች።

ሲኤልአይ (የሬዲስን ትእዛዝ መጻፊያ) ከፍቼ ስካን በሚለው ትእዛዝ ኪዎቹን አወጣሁ። ከኮንቴይነሩ ቁጥር ፊት ኤሲ፣ ኢዲ፣ 00፣ 05 የሚሉ ባይቶች ተደርድረዋል፣ ቀጥሎ "ቲ" ፊደል። ይሄ የጃቫ ሲሪያላይዜሽን (ዳታን ወደ ባይት መቀየሪያ መንገዱ) ማኅተም ነው። የስፕሪንግ (የጃቫ ፕሮግራም መሥሪያ) ሬዲስ ቴምፕሌት ምንም ካላልከው ኪውንም ቫልዩውንም (ኪው የያዘውን ዳታ) በዚህ ጠቅልሎ ይጽፋል። ሲያነብም እንደዚያው ጠቅልሎ ስለሚጠይቅ ያገኘዋል፣ የጃቫው ልጅ "እኔ ጋ ይሠራል" ብሎ የሚምለው ለዚህ ነው። ፓይተኑ ግን የሚጠይቀው ተራ ጽሑፍ ነው። ለሬዲስ ሁለቱ የማይተዋወቁ ኪዎች ናቸው።

መፍትሄው አራት መስመር ኮድ ነው። የኪውን ሲሪያላይዘር ወደ ስትሪንግ (ተራ ጽሑፍ) ቀይር፣ ቫልዩውን ወደ ጄሰን (ጃቫም ፓይተንም የሚያነቡት የጽሑፍ ቅርጽ)። ሃሽ (በአንድ ኪ ሥር ብዙ ዳታ የሚይዝ ዓይነት) የምትጠቀም ከሆነ የሃሹ ኪና የሃሹ ቫልዩ ለብቻቸው ይቀየራሉ፤ ሰው ሁሉ የሚረሳው እነዚህን ነው፣ በሳምንቱ "ችግሩ ተመለሰ" ብሎ የሚደውለውም እሱ ነው። ጄሰኑም ቢሆን የጃቫ ክላስ ስም እየለጠፈ የሚጽፍ ዓይነት አለው፣ እሱን ተወው።

አሮጌዎቹ ኪዎች በራሳቸው አይጠፉም። ቲቲኤላቸውን (እስኪጠፉ የቀራቸውን ጊዜ) እይ፣ -1 ካለህ ዕድሜ ልካቸውን ይኖራሉ። በስካን እየለየህ አንሊንክ በሚለው ትእዛዝ ሰርዝ። ፍላሽኦልን (ሁሉንም ጠርጎ የሚያጠፋውን ትእዛዝ) እንዳትነካ! ካሹ የጋራ ነው። አንድ ጎበዝ ነኝ ባይ ቀን ላይ ነክቶት፣ ሎግኢን ያደረገ ሰው ሁሉ ተባረረ፣ ጥያቄው ሁሉ ባንድ ጊዜ ዳታቤዙ ላይ ወረደ፣ የሰዉ በርጫ ተበላሸ። ኪይስ የሚለውንም ትእዛዝ ሥራ ላይ ባለ ሰርቨር አትጻፍ፤ ሬዲስ ትእዛዝ የሚፈጽመው ተራ በተራ ነው፣ አንተ ዝርዝር ስታወጣ ሌላው ሁሉ ቆሞ ይጠብቅሃል።

ሁለተኛው የማየው ችግር ሌሊት ብቻ ይመጣል። ኪው ውስጥ ቀን አለ እንበል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ምንም አይገኝም፣ ከዚያ በኋላ ይስተካከላል። አንዱ ሰርቨር በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው፣ ሌላው በአዲስ አበባ ሰዓት፣ ልዩነቱ 3 ሰዓት ነው። እኛ ጋ ቀኑ ሲቀየር ዩቲሲው ገና ትናንት ላይ ነው። ሁለቱንም በዩቲሲ አድርግ። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ኪ ውስጥ የከተተም አጋጥሞኛል፣ ለሱ መድኃኒት የለኝም።

ማንበብ እየሠራ መጻፍ እምቢ ካለ ብዙውን ጊዜ ሜሞሪው ሞልቶ ነው። የሬዲስ ዲፎልት ኖኢቪክሽን ስለሆነ አሮጌውን አይጥልም፤ ውስጡ ያለው ካሽ ብቻ ከሆነ ወደ ኦልኪይስ ኤልአርዩ (ለረጅም ጊዜ ያልተነካውን ወደሚጥለው) ቀይረው።

ቲቲኤል የሰጠኸው ኪ የማያልቅ ከሆነ ደግሞ የሆነ ኮድ ጊዜ ሳይሰጥ SET በሚለው ትእዛዝ እየጻፈበት ነው፣ ጊዜ ያልተሰጠው SET ቲቲኤሉን ያጠፋል። በጻፍክ ቁጥር ጊዜውን አብረህ ስጥ።